ፊልሙና እውነተኛው ታንክ

የጦርነት ፊልም ስንመለከት የምናየው ታንክ ሁሉ በታሪኩ ዘመን የነበረ ነው ማለት አይደለም። ለምሳሌ፣ በ1958 ዓ.ም. ለሕዝብ የቀረበው «ባትል ኦቭ ዘ በልጅ» የተባለው የአሜሪካ ፊልም ጀርመኖች በሁለተኛው የዓለም ጦርነት «ታይገር» በተባለው ታንክ ሲዋጉ ያሳያል። ይሁን እንጂ ፊልሙ በተነሣበት በስፔን አገር ታይገር ተብለው የተሰለፉት፣ ጦርነቱ ካበቃ ከዓመታት በኋላ በአሜሪካ የተሠሩ «ኤም 47» ታንኮች ነበሩ።

ይህን ለይቶ ማወቅ ጥቅሙ ምንድን ነው? መልሱን ከአገራችን ታሪክ እናገኛለን። ፋሽስት ኢጣሊያ በ1928 ዓ.ም. ኢትዮጵያን ስትወር ያሰለፈችው «ሲቪ 33» የተባለ ትንሽ ታንክ ክብደቱ 3 ቶን ያህል ሲሆን፣ የሚይዘውም 2 ሰዎችን ብቻ ነበር። በላዩ የሚዞር ጉልላት አልነበረውም። መትረየሶቹም ከፊት ስለ ተተከሉ ወደ ጎን ብዙ አይዞሩም፤ ወደ ኋላም ከቶ አይተኩሱም። በዚያው ዓመት በታኅሣሥ ወር፣ የራስ እምሩ ኃይለ ሥላሴ ጦር በደምበጉና እነዚህን ታንኮች ከጎንና ከኋላ እየተጠጋ ድል አደረጋቸው።

እንግዲህ ይህን ውጊያ የሚያሳይ ፊልም ጉልላቱ የሚዞር ታንክ ቢያቀርብ፣ የተዋጊዎቹ ድፍረት ይታይ ይሆናል፤ ብልሃታቸው ግን ይሰወራል።

መልመጃ
1. የ«ሲቪ 33» ድክመት ምን ነበር?
2. «ድፍረት» እና «ብልሃት» በምን ይለያያሉ? ከምንባቡ ማስረጃ በመጥቀስ አስረዱ።
3. «ከቶ» የሚለውን ቃል በዓረፍተ ነገር አስገቡ።