አሮጌዋ ኮምፒውተራችን ለምን ታዘግማለች?

የሚኒ ሚዲያ ክፍላችንን ኮምፒውተር ታውቋታላችሁ፤ እስክትነሳ ድረስ መዝሙር ተዘምሮ ያልቃል። ባለፈው ደግሞ ለጥያቄና መልስ ውድድር 40 ጥያቄ ጽፌ ልጨርስ ስል ድርቅ አለችብኝ። ሴቭ አላደረግኩም ነበር፤ ሁሉም ጠፋ። በክበባችን "ስቶር ትግባ" የሚለው በዛ። መምህራችን ግን "መጀመሪያ ምን እንደነካት እዩ" አሉን። አየን።

የተምታታብን ራምንም ሃርድ ዲስክንም "ሚሞሪ" ስለምንላቸው ነው። ሃርድ ዲስክ መጋዘን ነው፤ መብራት ቢጠፋም ያስገባነው እዚያው ይቆያል። ራም ግን ሩዝ እንደሚለቀምበት ሰፌድ ነው። ሰፌዱ ከጠበበ ትንሽ ትንሽ እየዘገኑ መመላለስ ነው። የእኛዋ ራም 512 ሜጋባይት ብቻ ናት። ስትሞላ ዊንዶውስ የተረፈውን ዲስክ ላይ ያስቀምጣል፤ ዲስክ ደግሞ ከራም በጣም ቀርፋፋ ነው።

የራም መፍትሔው የማንሠራበትን መዝጋት ነው። ኮንትሮል፣ አልትና ዴሊትን አብረን ስንጫን ታስክ ማናጀር ይመጣል፤ ብዙ ራም የያዘውን ያሳያል። እኛ ያገኘነው ሙዚቃ ማጫወቻውን ነበር፣ ለካ ከጠዋት ጀምሮ አልተዘጋም! የማናውቀውን ስም ግን አንነካም፤ ዊንዶውስ ራሱ የሚሠራባቸው አሉ። ከፍላሽ ያገኘነውን "ራም አጽጂ" ፕሮግራምም ሞክረን ነበር። ቁጥሩ ያምራል፤ ግን የምንሠራበትን ሁሉ ወደ ዲስክ ስለሚገፋው ሲመለስ ይብሳል። እሱ ራሱም ራም ይበላል። አጠፋነው።

ዲፍራግመንት የሚባለው ለዲስኩ ነው። አንድ የፎገራ ገበሬ ሩዙን ወቅቶ 10 ጆንያ ወደ መጋዘን አመጣ እንበል። ለ10 የሚበቃ አንድ ቦታ ከሌለ 3ቱ በር ላይ፣ 4ቱ ጥግ፣ 3ቱ መስኮት ሥር ይቀመጣሉ። ሩዙ አልጠፋም፤ ሊወስድ ሲመጣ ግን ሦስት ቦታ ይዞራል። ፋይልም ስናጠፋና ስንጨምር እንዲሁ ተቆራርጦ ይገባል። ዲስኩ በደቂቃ 5,400 ወይም 7,200 ጊዜ ቢሽከረከርም የሚያነበው ክንድ ቁርጥራጩን ፍለጋ ይመላለሳል። ዲፍራግመንት ጆንያዎቹን አንድ ላይ ይደረድራል እንጂ መጋዘኑን አያሰፋም። (በዚህ ሁለት ቀን ተከራክረናል።)

ለመደርደርም ክፍት ቦታ ያስፈልጋል። የዊንዶውስ ኤክስፒው መሣሪያ ከዲስኩ 15 በመቶ ባዶ ይፈልጋል፤ የእኛ 6 ብቻ ነበር። የቆዩ ፊልሞችን አጠፋን፣ ማን እንደጫናቸው አንጠይቅ። ሪሳይክል ቢኑንም ባዶ አደረግን። መብራት ቢሄድስ ብለን ዋና ዋናውን ፍላሽ ላይ ገለበጥን። ከዚያ ስታርት፣ ኦል ፕሮግራምስ፣ አክሰሰሪስ፣ ሲስተም ቱልስ፣ ዲስክ ዲፍራግመንተር። ቀዩ መስመር የተቆራረጠ ፋይል ነው፣ ሰማያዊው የተያያዘ።

ፍላሽንና ኤስኤስዲን ግን ዲፍራግመንት አታድርጉ፤ የሚመላለስ ክንድ ስለሌላቸው አይጠቅማቸውም፣ በከንቱ ያደክማቸዋል። በ2000 ዓ.ም. አካባቢ ለኢትዮጵያ ተማሪዎች የመጡት ነጭና አረንጓዴ ኤክስኦ ላፕቶፖችም 1 ጊጋባይት ፍላሽ እንጂ የሚሽከረከር ዲስክ አልነበራቸውም።

ቅዳሜ ከጠዋቱ 3 ሰዓት የጀመርነው 7 ሰዓት ተኩል ላይ አለቀ። ሰኞ መዝሙሩ ሳያልቅ ተነሳች! ድርቅ ማለቷ ግን ጨርሶ አልተዋትም፤ 512 ያው 512 ነው። እቤታችሁ ከተበላሸ ኮምፒውተር የወጣ ዲዲአር 2 ራም ካለ እባካችሁ ለክበባችን አምጡልን። ሌላው ዓይነት ማስገቢያው ላይ አይገጥምም። 40ዎቹን ጥያቄዎች እንደገና ጽፌያቸዋለሁ፤ በየአምስቱ ጥያቄ ሴቭ እያደረግኩ።