ዕቁብ ከደረሰን በኋላ

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ አሜን።

ስለ ገንዘብ ስንማር ብዙ ጊዜ የምንሰማው ስለ አሥራትና ስለ ምጽዋት ነው። ይህም ተገቢ ነው። ነገር ግን አሥራቱን ካወጣን በኋላ በእጃችን የሚቀረው ዘጠኝ እጅ ደግሞ የእግዚአብሔር አደራ መሆኑን ብዙዎቻችን እንዘነጋለን። ስለዚህ በዛሬው ትምህርታችን ስለ ዘጠኙ እጅ፥ ይልቁንም እኛ የሐሙሲት ወጣቶች ስለምንጥለው ዕቁብ እንማማራለን። የምንነሣውም ከሌላ ሰው ጥፋት ሳይሆን ከራሳችን ነው።

የሆነው ነገር

ከጥቂት ጊዜ በፊት ሃያ ሆነን ዕቁብ ጀመርን። እሑድ እሑድ ከቅዳሴ በኋላ እየተሰበሰብን እያንዳንዳችን 200 ብር እንጥል ነበር፤ ዕጣ ለወጣለትም ሰው 4,000 ብር ይደርሰዋል። ከመካከላችን ደመወዝተኛ ነበር፤ በሐሙስ ገበያ ጉሊት ተቀምጣ የምትቸረችር እኅት ነበረች፤ በቀን ሥራ የሚያድርም ነበር።

በሦስተኛው ሳምንት ዕጣው ለአንድ ወንድማችን ወጣ። እርሱም በገንዘቡ ሁሉ ሽንኩርት ገዝቶ ወደ ባሕር ዳር ጫነ። እንደምታውቁት በደራና በፎገራ የመስኖው ሽንኩርት በአንድ ጊዜ ሲደርስ ዋጋው ይወድቃል። ወንድማችን የገዛበትን እንኳ ሳያገኝ ተመለሰ። እስከ ሰባተኛው ሳምንት እንደ ምንም ብሎ ጣለ፤ በስምንተኛው ቀረ። በዘጠነኛው ከዕቁቡ ብቻ ሳይሆን ከመዝሙር ጥናትም ቀረ። በመንገድ ሲያየን ይሸሸን ጀመር።

እኛስ ምን አደረግን? በየቤታችን ስሙን አነሣን። «በልቶ ካደ» አልን። ዋስ የሆነውንም ወንድም አስጨነቅነው። ሦስት ሳምንት ሙሉ ግን ወደ ቤቱ ሄዶ «ምን ሆንህ?» ያለው ሰው ከመካከላችን አልነበረም።

ዕቁብ ምን እንደ ሆነ እንረዳ

ብዙዎቻችን ዕቁብን የቁጠባ መንገድ ብቻ አድርገን እናየዋለን። ነገሩን በቁጥር ስንመረምረው ግን ብድርም ሆኖ እናገኘዋለን። በሦስተኛው ሳምንት ዕጣ የወጣለት ሰው የጣለው 600 ብር ነው፤ የወሰደው ግን 4,000 ብር ነው። እንግዲህ 3,400 ብሩ የማን ነው? የወንድሞቹና የእኅቶቹ ነው። መጨረሻ የሚደርሰው ሰው ደግሞ እስከ መጨረሻው ሳምንት ሲያበድር ቆይቶ የራሱን ገንዘብ መልሶ ይወስዳል። ስለዚህ አስቀድሞ የደረሰው ተበዳሪ፥ በኋላ የሚደርሰው አበዳሪ ነው ማለት ነው።

ይህ ብድር ወለድ የለውም። በኦሪት ዘሌዋውያን ምዕራፍ 25 ከቁጥር 35 እስከ 37 እግዚአብሔር ለደከመው ወንድም ያለ አራጣ እንዲበደር አዝዟል። ዕቁብ ይህን ትእዛዝ በተግባር የምንፈጽምበት ደግ ልማድ ነው። ነገር ግን ለአበዳሪው ያለ ዋጋ አይደለም። ለምሳሌ በ2014 ዓ.ም. በአገራችን የዋጋ ንረቱ በዓመት ከ30 በመቶ በላይ ነበር። እንዲህ ባለው ጊዜ መጨረሻ የሚደርሰው ሰው በዚያው 4,000 ብር የሚገዛው እህል መጀመሪያ የደረሰው ከገዛው ያነሰ ነው። ይህን ጉዳት ስለ እኛ ብሎ በዝምታ ይሸከማል። ታዲያ ዕቁብ በልቶ መቅረት ገንዘብ መውሰድ ብቻ ሳይሆን የታገሠንን ሰው ትዕግሥት መብላት ነው። ቅዱስ ዳዊትም በመዝሙር 36 ቁጥር 21 ተበድሮ የማይመልሰውን ከኃጥኣን ወገን ቈጥሮታል።

ያልደረሰንም እንመርመር

ይህን ስንል ጥፋቱን ሁሉ በአንድ ወንድም ላይ ለመጫን አይደለም። በማቴዎስ ወንጌል ምዕራፍ 18 ከቁጥር 23 ጀምሮ ጌታችን ብዙ ዕዳ ተትቶለት ሳለ በጥቂት ዕዳ ባልንጀራውን ያነቀውን ባሪያ በምሳሌ አስተምሮናል። እኛ ክርስቲያኖች ሁላችን አንዳች ሳንጥል አስቀድሞ የደረሰን ነን። በጥምቀት ልጅነትን ስንቀበል ምን ከፍለን ነበር? እንግዲህ ወንድማችንን በሐሜት ማነቃችን ከቶ አይገባም ነበር።

ደግሞም በሉቃስ ወንጌል ምዕራፍ 14 ቁጥር 28 ግንብ ሊሠራ የሚወድ ሰው አስቀድሞ ተቀምጦ ወጪውን እንዲቈጥር ተጽፏል። እኛ ግን አልቈጠርንም። 200 ብር ይሁን ያልነው ደመወዝ ያለን ነን፤ በቀን ሥራ የሚያድሩት አፍረው ዝም አሉ። ዝምታቸውንም እንደ ስምምነት ቈጠርነው። ይህ የመጀመሪያው ስሕተት የእኛ ነበር።

ስለ ዋስነት

መጽሐፈ ምሳሌ በምዕራፍ 6 መጀመሪያ ሳያስብ ዋስ የሆነውን ሰው በወጥመድ እንደ ተያዘ ፍጥረት ያየዋል። ቅዱስ ጳውሎስ ግን ለፊልሞና በጻፈው መልእክት ቁጥር 18ና 19 ላይ ስለ አናሲሞስ ዕዳ ራሱ ዋስ ሆኗል፤ እከፍላለሁ ብሎም በእጁ ጽፏል። ሁለቱ አይጣሉም። አንዱ ያለ ሐሳብ የሚገባበትን ዋስነት ሲከለክል፥ ሌላው ለመክፈል ቈርጠው በፍቅር የሚገቡበትን ያሳያል። በክልላችንም በ1989 ዓ.ም. የተቋቋመውና ኋላ ፀደይ ባንክ የሆነው የአማራ ብድርና ቁጠባ ተቋም፥ የሚያስይዙት ንብረት የሌላቸውን ሰዎች በቡድን እርስ በርሳቸው ዋስ እያደረገ ያበድር ነበር። የድሃ መያዣው የባልንጀራው እምነት ነውና።

ከዚህ በኋላ ልናደርገው የሚገባ

አንደኛ፤ ዕቁብ ከመግባታችን በፊት ገቢያችንንና ወጪያችንን በወረቀት እንጻፍ። ለምሳሌ በወር 3,000 ብር የሚያገኝ ወጣት 300 ብር አሥራት ቢያወጣ፥ ለቤት ኪራይና ለምግብ 1,800፥ ለወላጆቹ 300 ቢያደርግ 600 ብር ይቀረዋል። በሳምንት 150 ብር ቢጥል ለሕመም የሚሆን አንዳች አይተርፈውም፤ 100 ብር ቢጥል ግን በአራት ሳምንት 200 ብር ይተርፈዋል። ከሌላው ጋር ለመስተካከል ብለን ከአቅማችን በላይ አንግባ።

ሁለተኛ፤ ዕቁብ ሲደርሰን ምንም ሳንገዛ የሚቀጥሉትን አራት ሳምንታት መጣያ ለይተን እናስቀምጥ። በእኛ ዕቁብ ይህ 800 ብር ነበር።

ሦስተኛ፤ ገንዘቡን ሁሉ በአንድ ጭነት ላይ አናውል። መጽሐፈ መክብብ በምዕራፍ 11 ቁጥር 2 ምን ክፉ ነገር እንደሚመጣ አናውቅምና ድርሻችንን ወደ ብዙ እንድንከፍል ይመክራል።

አራተኛ፤ ራሳችን ልንከፍለው ለማንችለው ገንዘብ ዋስ አንሁን።

አምስተኛ፤ የዕቁቡ መዝገብ በየሳምንቱ በሁሉ ፊት ይነበብ። ቅዱስ ጳውሎስ እንኳ የምእመናንን መዋጮ ሲያስተላልፍ ማንም እንዳይነቅፈው የታመኑ ወንድሞችን አብሮ ልኳል (2ኛ ቆሮ. 8፥18-21)።

ስድስተኛ፤ ሲጐድልብን ቀኑ ሳይደርስ ለዳኛው እንንገር። ዳኛውም የቀረውን ሰው በዚያው ሳምንት ሄዶ ይጠይቀው።

ፍጻሜው

በመጨረሻ የዕቁቡ ዳኛና ሁለት ወንድሞች ወደ ወንድማችን ቤት ሄዱ። ቀሪው ዕዳው የ13 ሳምንት 2,600 ብር ነበር። በየሳምንቱ የሚጐድለውን 200 ብር ግማሹን ዋሱ፥ ግማሹን ሌሎቻችን ተካፍለን ሞላን፤ ያለፉትንም ሳምንታት እንዲሁ አደረግን። እርሱም በሳምንት 100 ብር እየከፈለ በ26 ሳምንት መለሰልን። መጨረሻ ዕጣ የወጣላት ያች ጉሊት የምትቸረችር እኅታችን ነበረች፤ 4,000 ብሯም ሳይጐድል ደረሳት። እስከ መጨረሻው ሳምንት ለሁላችን ስታበድር የነበረችው ከሁላችን ይልቅ ገቢዋ ያነሰው እርሷ ነበረች።

ነገር ግን አንድ ያልተመለሰልን ነገር አለ። ወንድማችንን «ወደ መዝሙር ጥናት ና» ብለን ብንለምነው የመጨረሻዋን ብር ሳይከፍል አልመጣም። «ፊታችሁን ማየት አፍራለሁ» አለን። ስድስት ወር ያህል አብሮን አልዘመረም። ገንዘቡ ተቈጥሮ ተመለሰ፤ ያ ስድስት ወር ግን አይመለስም። በመጀመሪያው እሑድ ሄደን ብንጠይቀው ኖሮ ኀፍረቱ ያን ያህል ባልከበደው ነበር።

እንግዲህ አባቶቻችን «ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፥ ለሃምሳ ሰው ጌጡ» እንዳሉት፥ ዕዳውንም ሸክሙንም የምንካፈል ያድርገን።

ለመወያያ

1. በዕቁብ ውስጥ ተበዳሪው ማን ነው? አበዳሪውስ?
2. ከአቅማችን በላይ የሆነ መዋጮ ሲወሰን ዝም የምንለው ለምንድር ነው?
3. ዕዳ ስላለበት ከጉባኤያችን የራቀ ሰው አለን? በዚህ ሳምንት ማን ሄዶ ይጠይቀው?

ወስብሐት ለእግዚአብሔር።