ጭፈራ እንጀራ ይሆናል? የውዝዋዜ ባለሙያው መላኩ በላይ

በዚህ እትም ስለ አንድ የውዝዋዜ ባለሙያ አቀርብላችኋለሁ። ርዕሱን የመረጥኩት በምክንያት ነው። ዘንድሮ ከትምህርት ቤታችን የውዝዋዜ ቡድን ሦስት ልጆች ወጥተዋል። ሁለቱ «አዝማሪ» እየተባሉ መሰደብ ሰልችቷቸው ነው። አንዷን ደግሞ ቤተሰቦቿ «ጭፈራ እንጀራ አይሆንም» ብለዋት ነው። እውነት አይሆንም ወይ? እስቲ እንየው።

1. አዝማሪ ስድብ ነው?

አዝማሪ ማለት መሰንቆ እየመታ፣ ግጥም እዚያው እየፈጠረ የሚዘፍን ባለሙያ ነው። «መዝሙር» የምንለው ቃልና «አዝማሪ» ሁለቱም «ዘመረ» ከሚለው የግዕዝ ቃል የመጡ ናቸው። ታዲያ መዝሙር ሲባል ክብር፣ አዝማሪ ሲባል ስድብ የሚሆነው ለምንድን ነው? እንደ ሐኪም፣ እንደ ልብስ ሰፊ የሙያ ስም ነው እኮ።

2. መላኩ በላይ ማን ነው?

መላኩ በእስክስታው የታወቀ ባለሙያ ነው። ልጅነቱ ከባድ ነበር፤ ጎዳና ላይ የኖረበት ጊዜም አለ። ውዝዋዜ የተማረው ትምህርት ቤት ገብቶ አይደለም። በመንገድ ላይና እንደ ጥምቀት ባሉ በዓላት ሕዝቡ ሲጨፍር እያየ፣ አብሮም እየጨፈረ ነው።

ከዚያ አዲስ አበባ፣ ካዛንቺስ በነበረው ፈንድቃ አዝማሪ ቤት መጨፈር ጀመረ። ደመወዝ አልነበረውም። ለብዙ ዓመታት የኖረው ተመልካች በሚሸልመው ብር ብቻ ነው፤ የሚተኛውም እዚያው ቤት ውስጥ ነበር። እ.ኤ.አ. በ2008 ግን ቤቱን ራሱ ተረክቦ ማስተዳደር ጀመረ። «ኢትዮ ከለር» የሚባል የሙዚቃና የውዝዋዜ ቡድን አቋቋመ። በኋላም ፈንድቃ ሥዕል የሚታይበት፣ ግጥም የሚነበብበት የባህል ማዕከል ሆነ።

መላኩ ከሳክስፎን ተጫዋቹ ጌታቸው መኩሪያና «ዘ ኤክስ» ከሚባለው የኔዘርላንድስ ባንድ ጋር በውጭ አገር መድረኮች ጨፍሯል። እ.ኤ.አ. በ2015 ፈረንሳይ በሥነ ጥበብና ሥነ ጽሑፍ ዘርፍ «ሸቫልዬ» የሚባለውን የክብር ማዕረግ ሰጠችው። በ2020 ደግሞ ፈንድቃ የኔዘርላንድስን የፕሪንስ ክላውስ ሽልማት አገኘ።

3. በሌላ አገርስ?

በአሜሪካ ፋያርድና ሃሮልድ ኒኮላስ የሚባሉ ጥቁር ወንድማማቾች ነበሩ። እነሱም የዳንስ ትምህርት ቤት አልገቡም። ወላጆቻቸው ፊላዴልፊያ ውስጥ በቲያትር ቤት ሙዚቃ ይጫወቱ ስለነበር ፋያርድ እዚያ ቁጭ ብሎ ጨፋሪዎችን ያይ ነበር። ያየውን ለታናሽ ወንድሙ አስተማረ። እ.ኤ.አ. በ1943 በወጣው «ስቶርሚ ዌዘር» ፊልም ላይ በትልቅ ደረጃ አንዱ በሌላው ላይ እየዘለለ፣ እግራቸውን በርቅቀው እያረፉ ሲወርዱ ይታያሉ። በዘር መድልዎ ምክንያት ግን በነጮች ፊልም ውስጥ መሪ ተዋናይ መሆን አይፈቀድላቸውም ነበር። በዳንሳቸው ብቻ በዓለም ታወቁ።

4. እስክስታ እንዴት ይሠራል?

እስክስታ ዝም ብሎ መንቀጥቀጥ አይደለም። እንዲህ ሞክሩት፦
ሀ. እግራችሁን ትንሽ ከፍታችሁ ቁሙ፤ ጉልበታችሁ አይገተር።
ለ. እጃችሁን ወገባችሁ ላይ አድርጉ፤ ወገባችሁ ግን አይነቃነቅ።
ሐ. ትከሻችሁን ወደ ላይና ወደ ታች፣ ቀጥሎ ወደ ፊትና ወደ ኋላ በከበሮው ምት አንቀሳቅሱ።
መ. ደረትና አንገት ተከትለው ይምጡ። ትንፋሻችሁንም አብራችሁ አውጡ፤ ትንፋሽ ከያዛችሁ ትከሻ ይደርቃል።

እኔ «ሐ»ን ብቻ ለመልመድ ሁለት ሳምንት ፈጅቶብኛል። ከሒሳብ አይቀልም!

5. ለእኛ ምን ይጠቅመናል?

ብዙዎቻችን ወላጆቻችን ለሥራ ወደ አዳማ ኢንዱስትሪ ፓርክ የመጡ ነን። ስለዚህ በአንድ ክፍል ውስጥ የሐረርጌን ሸጎዬ የሚያውቅ፣ የጎጃምን እስክስታ የሚያውቅ፣ የወላይታን የወገብ ውዝዋዜ የሚያውቅ፣ በእግሩ ፈጣን የሆነ የጉራጌ ልጅ ይገኛል። መላኩ ከሕዝብ መሐል እየዞረ የተማረውን እኛ በእረፍት ሰዓት ከጓደኞቻችን መማር እንችላለን።

ጭፈራ ለሁሉም ሰው እንጀራ ይሆናል አልልም። መላኩም ብዙ ዓመት ያለ ደመወዝ ሠርቷል። ግን ሙያ ነው፤ ልምምድ ይፈልጋል፣ አገርም ያስጠራል። ወላጆችም «ትምህርትሽን እንዳትተዪ» ቢሉ ልክ ናቸው፤ ሁለቱንም መያዝ ይቻላል። የወጣችሁት ሦስታችሁ፣ ቦታችሁ አሁንም ባዶ ነው። ኑልን!

የክለሳ ጥያቄዎች
1. «አዝማሪ» እና «መዝሙር» የሚገናኙት እንዴት ነው?
2. መላኩ በላይና የኒኮላስ ወንድማማቾች በምን ይመሳሰላሉ?
3. ከክፍል ጓደኛችሁ የማታውቁትን አንድ ውዝዋዜ ተምራችሁ ስሙንና የሚንቀሳቀሰውን የሰውነት ክፍል ጻፉ። ለሚኒ ሚዲያ ክበብ ያስረከባችሁት በሰልፍ ሰዓት ይነበባል።