ሰነፈ የሚሉት ወንድም

ጥያቄ፦ ወንድሜ የአንጎሉ ደም ሥር ፈንድቶ አዲስ አበባ ኦፕራሲዮን ከሆነ ዓመት አልፎታል። ጀውሃ ቆላ ባለው ማሽላ ማሳው ላይ ቀትር ሳይደርስ ይዝላል፤ የነገሩትንም ይረሳል። ሰው ሰነፈ ይለዋል። ረመዳንንስ ይጹም?

መልስ፦ አልሰነፈም። አንጎል ውስጥ ደም ፈስሶ የነበረ ሰው ድካምና መርሳቱ ለዓመታት ሊከተለው ይችላል፤ ጉዳቱ ከውጭ ስለማይታይ ጎረቤት አያምንም። ሥራውን በማለዳ ይጨርስ፤ በቆላው ሙቀት ውሃ ሲጠማው ራስ ምታቱ ይብስበታል። ከኦፕራሲዮኑ በኋላ የሚጥል በሽታ መድኃኒት ከጀመረ ሰዓቱን ማዛባት ሕመሙን ሊቀሰቅስ ስለሚችል ከጾሙ በፊት ሐኪሙን ያማክር፤ ሃይማኖቱም ለታመመ አለመጾምን ፈቅዷል። ደም ግፊቱን ይለካ፤ ሲጋራ ይተው፣ ጫትም (ይህን በማለቴ በእናንተው ይፋት እንደማልወደድ አውቃለሁ)። ድንገተኛ ከባድ ራስ ምታት ወይም የፊት መጣመም ከመጣ በዚያው ሰዓት ሸዋ ሮቢት ሆስፒታል ያድርሱት።