ልውውጡን አክብዱት!

በአሽዶድ ሰሜናዊ የኢንዱስትሪ ቀጠና፣ ወደቡ አካባቢ በፈረቃ የምትሠሩ ወጣቶች ሆይ! በእረፍት ሰዓት ስልካችሁን፣ ማታ ደግሞ ኮምፒውተራችሁን ከፍታችሁ ቡድን የምታስተዳድሩበትን ጨዋታ አትናቁት። የመወሰን፣ የመደራደርና የመታገሥ ትምህርት ቤት ሊሆናችሁ ይችላል። ለዚህ ግን ቀላሉን መንገድ በገዛ እጃችሁ መዝጋት አለባችሁ።

አውት ኦፍ ዘ ፓርክ ቤዝቦልን እንውሰድ። ጀርመናዊው ማርከስ ሃይንዞን የሠራው ይህ ጨዋታ ለመጀመሪያ ጊዜ የወጣው እ.ኤ.አ. በ1999 ነው። እዚህ ዋናው ሥራችሁ ኳስ መወርወር ወይም መምታት ሳይሆን ማስተዳደር ነው፤ ተጫዋች ታስፈርማላችሁ፣ ወጣቶችን ታሳድጋላችሁ፣ ከሌሎች ቡድኖች ጋር ተጫዋች ትለዋወጣላችሁ። ልውውጡ ምን ያህል እንዲከብድም የምትመርጡት እናንተው ናችሁ። ቀላሉን ከመረጣችሁ ሦስት ተራ ተጫዋቾች ሰጥታችሁ አንድ ኮከብ ልትወስዱ ትችላላችሁ። ዋንጫው ይመጣል፤ ደስታው ግን አይሰነብትም። ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል።

ይህን የእግር ኳሱ ጨዋታ የፋንታሲ ፕሪሚየር ሊግ ወዳጆች በደንብ ታውቁታላችሁ። 15 ተጫዋቾችን በ100 ሚሊዮን ፓውንድ ትገዛላችሁ፤ ከአንድ ክለብ ከ3 በላይ መውሰድ አይቻልም፤ ከተፈቀደው በላይ የሚደረግ እያንዳንዱ ዝውውር 4 ነጥብ ያስቀንሳል። እነዚህ ገደቦች ባይኖሩ ሁሉም ሰው ያንኑ ቡድን ይዞ ይቀመጥ ነበር። ጨዋታውን ያጣፈጠው ገደቡ ነው፤ ችሎታችሁንም ያወጣው እሱ ነው።

በእውነተኛው ቤዝቦል ልውውጥ ምን ያህል እንደሚከብድ ለማየት ወደ 1987 እንመለስ። በዚያ ዓመት ኦገስት ላይ ዲትሮይት ታይገርስ የምድቡን አንደኝነት ለማግኘት ይታገል ነበር። ልምድ ያለው ኳስ ወርዋሪ ፈለገና የ36 ዓመቱን ዶይል አሌክሳንደርን ከአትላንታ ብሬቭስ ወሰደ። በምላሹ ገና በታችኛው ሊግ ይጫወት የነበረውን የ20 ዓመት ልጅ ጆን ስሞልዝን ሰጠ። አሌክሳንደር ለዲትሮይት 9 ጨዋታ አሸነፈ፤ አንድም አልተሸነፈም፤ ቡድኑም የምድቡ አሸናፊ ሆነ። ስሞልዝ ደግሞ በ1995 ከአትላንታ ጋር የዓለም ሻምፒዮን ሆነ፤ በ1996 ለምርጥ ወርዋሪ የሚሰጠውን የሳይ ያንግ ሽልማት ወሰደ፤ በ2015 የቤዝቦል የክብር አዳራሽ ገባ። አንዱ ቡድን ዛሬን ገዛ፤ ሌላው ነገን። ሁለቱም የሚፈልጉትን አገኙ፤ ሁለቱም ዋጋ ከፈሉ። እውነተኛ ልውውጥ ይህን ይመስላል።

እንግዲህ ራሳችሁን ፈትኑ! አራት ደንብ ልስጣችሁ።

አንደኛ፣ የልውውጡን ክብደት አንድ ደረጃ ከፍ አድርጉት። ስትለምዱት ደግሞ አንድ ጨምሩ።

ሁለተኛ፣ ጥያቄ ከማቅረባችሁ በፊት ያኛው ቡድን ምን እንደጎደለው በአንድ ዓረፍተ ነገር ጻፉ። መጻፍ ካልቻላችሁ ለድርድር አልተዘጋጃችሁም።

ሦስተኛ፣ ብዛትን በጥራት አትለውጡ። በአሜሪካ ዋናው ሊግ አንድ ቡድን በአብዛኛው የውድድር ዘመን በዝርዝሩ የሚይዘው 26 ተጫዋች ብቻ ነው። ሦስት ተራ ተጫዋች በአንድ ኮከብ የሚቀበል ቡድን ለሁለቱ ቦታ ማስለቀቅ ይኖርበታል። ስለዚህ አንድ ለአንድ ተለዋወጡ፤ ስትሰጡም የሚያሳሳችሁን ስጡ።

አራተኛ፣ ልውውጡ ቢከፋም ጨዋታውን ወደ ኋላ መልሳችሁ አትጀምሩ። ከጎዳችሁ ውሳኔ ጋር የውድድር ዘመኑን ጨርሱ። ብልሃት የሚወለደው ባለው ነገር ለመሥራት ስትገደዱ ነው።

ይህ ሁሉ ለጨዋታ ብቻ ነው? በፍጹም! እናንተ በሥራ ቦታችሁ ፈረቃ ትለዋወጡ የለም? የስግድ በዓል ደርሶ ኢየሩሳሌም ከቤተሰብ ጋር መዋል ፈለጋችሁ እንበል። አጠገባችሁ የሚሠራው ከሩሲያ የመጣ የሥራ ባልደረባችሁ ነው። «እባክህ ቀኔን ያዝልኝ» ብሎ መለመን ቀላሉ መንገድ ነው፤ አንድ ቀን ይሠራል፤ ሁለተኛ ላይሠራ ይችላል። ሁለተኛውን ደንብ አስታውሱ፦ እሱስ ምን ያስፈልገዋል? ዲሴምበር 31 ማታ አዲስ ዓመትን፣ ኖቪ ጎድን፣ ከቤተሰቡ ጋር ማክበር ይፈልግ ይሆናል። እናንተ ቀድማችሁ «ያን ሌሊት እኔ እሠራልሃለሁ» በሉት። የናንተ በዓል በእሱ ዘንድ፣ የእሱም በናንተ ዘንድ ይከበራል። ሁለታችሁም አትርፋችሁ ትለያያላችሁ፤ በሚቀጥለው ዓመት ደግሞ እሱ ራሱ ይጠይቃችኋል።

ደመወዝ ስትጠይቁ፣ የተሻለ ክፍል ለመዛወር ስታመለክቱ፣ ቤት ስትከራዩም መንገዱ ያው ነው። ከፊታችሁ ያለው ሰው እንደናንተ ያስባል፤ እንደናንተ የሚሳሳለት ነገር አለው። ይህን አክብራችሁ የምትደራደሩ ከሆነ፣ ሰው ደግሞ ደጋግሞ ከናንተ ጋር መሥራት ይፈልጋል። በብልጠት የተወሰደ ነገር ወዳጅ ያሳጣል፤ ተመዛዝኖ የተገኘ ግን ሁለት ሰው ያቆማል።

ስለዚህ ዛሬውኑ ጀምሩ! ጨዋታውን ስትከፍቱ ልውውጡን አንድ ደረጃ አክብዱት። ነገ ሥራ ስትገቡ ደግሞ ከምትፈልጉት በፊት የባልደረባችሁን ፍላጎት ጠይቁ። መጀመሪያ ይከብዳል፤ ትችሉታላችሁ! የቀለለን ድል ማንም ያገኘዋል፤ እናንተ ግን የሚገባችሁን ድል አሸንፉ!