ቀይዋ አበባና ወተቷ

ቁልቋልን የማያውቅ አርሶ አደር የለም። ሲቆረጥ ነጭ ወተት ያፈሳል። ቅንጭብም እንዲሁ ነው። ሁለቱም ለአጥር ይተከላሉ። እነዚህ ተክሎች አንዲት የሩቅ አገር ዘመድ አለቻቸው። ስሟ ፖይንሴቲያ ይባላል። የትውልድ አገሯ ሜክሲኮ ነው። በአዲስ አበባ በየግቢው ቁጥቋጦ ሆና ትታያለች። እሷም ስትቆረጥ ወተት ታፈሳለች።

ከላይዋ ያለው ቀዩ ነገር አበባ ይመስላል እንጂ ቅጠል ነው። እውነተኛዎቹ አበቦች በመካከሉ ያሉት ትንንሾቹ ቢጫዎች ናቸው።

ታዲያ በንፋስ መውጫ ትበቅላለች ወይ? አገሩ 3,000 ሜትር ያህል ከፍታ ያለው ደጋ ነው። ደጅ ከተተከለች የኅዳርና የታኅሣሥ ውርጭ ይገድላታል። ቤት ውስጥ ግን በጣሳ ትያዛለች። እንዲህ ነው፦

1. ጣሳውን ከታች በምስማር ብሱት። ካልተበሳ ውሃ ይቋጥርና ሥሯ ይበሰብሳል።

2. ውርጭ ከማይነካው አገር ከጠነከረ ግንዷ አንድ ስንዝር ያህል ቆርጣችሁ አምጡ። ወተቱ ሲደርቅ ትከሉት።

3. ቀን ቀን ብርሃን በሚገባበት መስኮት አጠገብ አስቀምጧት። ከጢስና ከበር ነፋስ አርቋት።

4. አፈሩን በጣት ንኩት። ላዩ ሲደርቅ ብቻ አጠጧት።

5. ቅጠሏ የሚቀላው ሌሊቱ ሲረዝም ነው። አምፖል በሚበራበት ክፍል ካመሸች ሌሊቱ ያጥርባታል፤ አረንጓዴ እንደሆነች ትቀራለች። ስለዚህ ከጥቅምት ጀምሮ ለሁለት ወር ያህል፣ ከምሽቱ 11 ሰዓት እስከ ጠዋቱ 1 ሰዓት በካርቶን ክደኗት። ቀን ግለጡላት።

«አበባ እህል አይሆን፣ ምን ያደርግልናል?» የሚል ይኖራል። እውነት ነው፣ አይበላም። ነገር ግን ቤት ያደምቃል። ደግሞም ስለ ወተቱ ያስተምረናል። የፖይንሴቲያ ወተት ቆዳ ያሳክካል፣ ዓይን ያቃጥላል። የቁልቋልና የቅንጭብ ወተት ግን ከዚህ የባሰ ነው፤ ዓይን ሊያጠፋ ይችላል። አጥር ስትቆርጡ ልጆችን አርቁ። እጃችሁን በሳሙና ሳትታጠቡ ዓይናችሁን አትሹ። ወተቱ ዓይን ውስጥ ከገባ ወዲያውኑ በንጹሕ ውሃ 15 ደቂቃ ያህል ሳታቋርጡ እጠቡት። ከዚያ ሳትውሉ ሳታድሩ ወደ ጤና ጣቢያ ሂዱ።

ጥያቄዎች

1. ጣሳው ከታች የሚበሳው ለምንድን ነው?
2. ፖይንሴቲያ በንፋስ መውጫ ደጅ የማትተከለው ለምንድን ነው?
3. የቁልቋል ወተት ልጃችሁ ዓይን ውስጥ ቢገባ መጀመሪያ ምን ታደርጋላችሁ?