ከቆዳ ቀድሞ በአፍ የሚታይ ሕመም

ጥያቄ፦ በአፍ ውስጥ ወጥቶ ለሳምንታት አልድን ያለ ቁስል የቆዳ በሽታ ምልክት ሊሆን ይችላልን? የጥርስ ሐኪም ድርሻስ ምንድን ነው?

መልስ፦ አዎን፤ ለዚህ ጉልህ ምሳሌ የሚሆነው ፔምፊገስ ቩልጋሪስ የተባለው ሕመም ሲሆን፣ የሚከሰተውም የሰውነት መከላከያ ሥርዓት የቆዳንና የአፍን ውስጠኛ ሽፋን ሕዋሳት እርስ በርስ የሚያያይዘውን ዴስሞግሊን 3 የተሰኘ ፕሮቲን እንደ ባዕድ ቆጥሮ ሲያጠቃ ነው። በአብዛኞቹ ሕሙማን በሽታው ከቆዳ ቀድሞ፣ አንዳንዴም ወራት ቀደም ብሎ፣ በአፍ ይጀምራል፤ ውሃ የቋጠረው እብጠት ልባሱ ስስ በመሆኑ ወዲያው ስለሚፈርጥ፣ ሐኪሙ የሚያገኘው በጉንጭ ውስጥ፣ በላንቃ ወይም በድድ ላይ የተላጠና በርበሬ ሲነካው የሚያቃጥል ቀይ ቁስል ብቻ ነው። ስለዚህ ቁስሉ ከሁለት ሳምንት በላይ ከቆየ፣ የጥርስ ሐኪሙ የድድ ሕመም ወይም ፈንገስ ነው ብሎ ሳያልፈው፣ ከቁስሉ ጠርዝ አንድ ናሙና ለተለመደው የአጉሊ መነጽር ምርመራ፣ ከአጠገቡ ካለው ያልቆሰለ ሥጋ ደግሞ ሌላ ናሙና ፀረ እንግዳ አካላትን አብርቶ ለሚያሳየው የኢሚዩኖፍሎረሰንስ ምርመራ ይወስዳል፤ ውጤቱን ይዞም ሕመምተኛውን ወደ ቆዳ ሐኪም ይልካል። ሕክምናው ቆዳ በሰፊው ከመላጡ በፊት ሲጀመር በሽታውን መቆጣጠር ይቀላልና፣ የጥርስ ወንበር የመጀመሪያው የምርመራ ስፍራ ይሆናል።